ፀሐይ ያጠበው ሸሚዝ

የሰብሊ እናት የሟች ልጇን ነጭ ሸሚዝ ቂርቆስ ካለው ግቢያቸው የልብስ ገመድ ላይ አውርዳ አሸተተችው። ብብቱን ገልብጣ እንደገና አሸተተች። ከአርባው በኋላ ልብሶቹ ሁሉ ታጥበው ለነዳያን ሲሰጡ፣ ይህን አንዱን ሳይታጠብ ያስቀረችው የልጇ ጠረን ስላለበት ነበር።

«ሰብሊ፣ አጠብሽው?»

«ኧረ እማዬ፣ ውሃ አልነካውም። ሣጥን ውስጥ እንዳይሻግት ብዬ ፀሐይ አስመታሁት እንጂ።»

«ታዲያ ጠረኑ የት ገባ?»

ሰብሊ ሸሚዙን ተቀብላ አንገትጌውን አየችው። የላቡ ወዝ የለም። ወንድሟ ካዛንቺስ ከሚሠራበት የጨርቅ ቤተ ሙከራ ይዞት የመጣ ለት በጆሮዋ የነገራት ያኔ ትዝ አላት። የሸሚዙን ጥጥ በዓይን በማይታይ ብናኝ ለብጦት ነበር፤ ብናኙ ፀሐይ ሲያገኝ እድፉንም ሽታውንም ራሱ ያጠፋል። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» ብሏት ነበር እየሳቀ፤ «በደንብ ከሠራልኝ እሷን ከእጥበት ነው የምገላግላት።»

እናቷ አሁንም ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ሰብሊ ሸሚዙን አጣጥፋ መለሰችላት። ጠረኑን ያጠፋው የልጅሽ የራሱ ሥራ ነው ማለት አልሆነላትም።

«አጥቤው ነው፣ እማዬ። ዋሽቼሽ ነው» አለች።

እናቷ ሸሚዙን ደረቷ ላይ ይዛ ቤት ገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።