ቋሚዎቹ

«የኔ ጌታ፣ አንድ ምክር ልስጥህ» አለችው የሥራ አስቀጣሪ ኤጀንሲዋ ሴትዮ፣ ውሉን ፈርሞ እንደጨረሰ። «ኮንትራት መሆንህን እዚያ ላለ ሰው ትንፍሽ እንዳትል። ቋሚዎቹ ካወቁ ‹ወንበራችንን ሊቀማ መጣ› ብለው ጥርስ ይነክሱብሃል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ፕሮግራመሩ እሺ ብሎ ወጣ። ዝምታ ለእሱ አዲስ አይደለም። የሶፍትዌር ኩባንያዎች ሰው በጎደለባቸው ቁጥር እየተጠራ ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ሰው ነው። አንዱ ጋ ወሊድ የወጣችውን ተክቶ፣ ሌላው ጋ ተጣልቶ የለቀቀውን ተክቶ ይሠራል፤ ውሉ ሲያልቅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። እህቱ ስሙን እርግፍ አድርጋ ትታ «እንግዳው» ካለችው ቆይታለች።

አዲሱ ቢሮ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። አለቃዋ ሌላ ከተማ ስለሆነች የምትታየው በስክሪን ብቻ ነው። ከእንግዳው ፊት ለፊት ግራጫ ሹራብ ከላዩ የማይወርድ ጎልማሳ ይቀመጣል። መስኮቱ ሥር አንዲት ሴት ካፖርቷን ሳታወልቅ ትሠራለች። ከኋላ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ይውላሉ። መስኮቱ ላይ ያለው የማሰሮ አበባ ጠውልጓል። እንግዳው ውሃ ጠብ ሊያደርግበት አስቦ ነበር፤ ግን የሰው ንብረት ነው፣ ባለቤቱ ምን ይለኛል ብሎ ተወው።

ጠዋት «ደህና አደራችሁ?» ይላል፤ «እግዜር ይመስገን» ይሉታል። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ የሚሰማው የኪቦርድ ድምፅ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ለስብሰባ ሲገቡ ክፍሉ ጨለማ ነበር። እንግዳው ግድግዳውን በእጁ ቢዳብስ ማብሪያው የለም። ሌሎቹ ተያዩና በጨለማው ቁጭ አሉ፤ የአለቃዋ ፊት ብቻ ከስክሪኑ ላይ ያበራል። ማብሪያውን እንኳን ሊያሳዩኝ አልፈለጉም ብሎ አሰበ። እንዲህም ያለ ንፍገት አለ እንዴ!

ባለ ሹራቡ ይብሳል። ማታ ማታ ኩባያውን አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ይዞት ይሄዳል። እንግዳው ይህን ባየ ቁጥር ፊቱ ይቀላል። እጄ እንዳይነካበት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?

ከዚያ ደግሞ ያ ከሰዓት በኋላ መጣ። እንግዳው አንዲት የኮድ መስመር ቢያሳስት የደንበኞች መግቢያ ገጽ ድርግም አለ። ስህተቱን ሲፈልግ ገጹ ተመልሶ ተከፈተ። ቀና ሲል ባለ ሹራቡ ስክሪኑ ላይ ተደፍቷል፤ ግንባሩ በላብ ርሷል። አስተካክሎለታል። ታዲያ ለምን ምንም አላለም? ቀን እየጠበቀልኝ ነው አለ እንግዳው በሆዱ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ለአለቃዋ ስንቱን ነግሮብኝ ይሆን?

በዚያው ሰሞን ጉንፋን ጣለው። በኪራይ ክፍሉ፣ ያልተፈታ ሻንጣውን እያየ ተኝቶ ሰነበተ። ስልኩን ትራሱ ሥር አኑሮ ነበር፤ ከእህቱ በቀር የደወለ የለም። ሲመለስም «የት ጠፋህ?» ያለው ሰው አልነበረም።

«አንተ እንግዳው፣ ዛሬስ ማን አናገረህ?» አለችው እህቱ።

«ማንም።»

«እኔ ቤት ባዶ ክፍል አለ እኮ። ልጆቹ አጎታቸው ስልክ ውስጥ የሚኖር መስሏቸዋል። ና በቃ!»

«ዓርብ ውሌ ያልቃል። ቋሚ ካደረጉኝ ግን እዚሁ እቀመጣለሁ። ከነባሮቹ አንዱ አንዲት በጎ ቃል ቢናገርልኝ…»

«ታዲያ ጠይቃቸዋ!»

«ማንን? ያንን ሹራብ?»

«አፍ የተሰጠህ ለማዛጋት ብቻ ነው እንዴ?»

ሳቀ። ስልኩን ሲዘጋ ግን ሆዱ ባባ። ቋሚ ልሁን ያለው ለደመወዙ ብሎ አይደለም። አንድ ቀን ቢቀር «ያ ሰውዬ የት ገባ?» የሚል ሰው ፈልጎ ነው። ይህን ማጣት አንገብግቦታል።

ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ ባለ ሹራቡ ኩባያውን ቦርሳው ውስጥ ሲከት እንግዳው ተነሥቶ ጠረጴዛው ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ባለ ሹራቡ ደንግጦ ቀና አለ።

«እኔ ኮንትራት ነኝ። ውሌ ዛሬ ያልቃል። ያን ቀን ያጠፋሁትን እርስዎ እንዳስተካከሉልኝ አውቃለሁ። እንደማይወዱኝም አውቃለሁ። ግን እርስዎ ቋሚ ነዎት፣ ቃልዎ ይሰማል። ለአለቃዋ አንዲት ቃል ቢናገሩልኝ… ብቸኝነቱ ሰለቸኝ፣ ጋሼ።»

ኪቦርዶቹ ሁሉ ቆሙ። ከኋላ ያሉት ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ባለ ሹራቡ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ መስሎኝ ነው የተሯሯጥኩት» አለ ቀስ ብሎ። «አንተ ትነግርብኛለህ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ። የኔም ውል ዛሬ ነው የሚያልቀው፤ ቋሚ መስለኸኝ አንተን ለመለመን ድፍረት አጣሁ እንጂ። ‹ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ የኔ ጌታ› ብላ ነው የኤጀንሲዋ ሴትዮ የላከችኝ።»

«እኔን ‹የኔ እመቤት› ነበር ያለችኝ» አለች ባለ ካፖርቷ፣ ከኋላ ሆነው ራሳቸውን የሚነቀንቁትን ሦስቱን እያየች።