ከአልጋ የተሠራው መኪና

«እሁድ መኪናህን ይዘህ ሓወልቲ ጋ ና... አብሬህ ሳልሄድ ልጄን አልሰጥህም!»

ስልኩ ተዘጋ።

አስናቀ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ።

ፍራሹ መሬት ላይ ነው... አልጋውስ? ጉዱ እሱ ነው!

አስናቀ ከደብረ ብርሃን መጥቶ መቐለ የከተመ የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነው። ለመኪና እሽቅድምድም ጌም ነፍሱን ይሰጣል። ወንበሩ፣ መሪው፣ ፔዳሉ ሁሉ የተሟላለት፣ ልክ እንደ መኪና ተቀምጠው የሚነዱት ነገር አማረው... ኪሱ ግን እምቢ አለ።

ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው?

የብረት አልጋውን ቆራርጦ በየደው!

ወንበሩ ከከተማው ዳር ቁሓ ተጥሎ ከነበረ ሚኒባስ የተነቀለ ነው። ፔዳሎቹ ከሞተ የስፌት ማሽን። መሪው ከተዘጋ ጌም ቤት... እሱም ግማሹ በፕላስተር ተጠቅልሎ።

አለቀና ፊት ለፊቱ አሮጌ ቴሌቪዥን ሰቀለ። ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲመለስ ሹፌር ነው፣ ሌሊት መሬት ላይ ይተኛል።

ችግሩ የመጣው ሽማግሌ ሲልክ ነው።

ዮሃናን ይወዳታል፣ ትወደዋለች። አባቷ አቦይ ገብረዝጊ ግን ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ነድተው፣ ዶሮ እንኳ ሳይገጩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቀልድ አያውቁም።

ሽማግሌ ሆነው የሄዱት የአስናቀ አከራይ አቦይ ዘሚካኤል ነበሩ። «ልጁ ምን አለው?» ተብለው ሲጠየቁ ጨዋታው ሞቅ አላቸው መሰለኝ...

«መኪና አለው! በዐይኔ አይቼዋለሁ!»

አቦይ ገብረዝጊ ያንን ስልክ የደወሉት ከዚህ በኋላ ነው። አስናቀ ሊያብድ ደረሰ።

«አቦይ፣ የምን መኪና ነው ያዩት?»

«ክላ፣ ተው እንጂ! መሪ የለውም?»

«አለው...»

«ፍሬን የለውም?»

«አለው፣ ግን...»

«ወንበርስ?»

«አቦይ፣ ጎማ የለውም እኮ!»

«እሱ ዝርዝር ነው ወደይ፣ ልጄ።»

መፍትሔም አላጡም። «ከሰው ተዋስና ሂድ!» አሉት። አስናቀ ግን መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም... አስፋልት ላይ መኪና ነድቶ አያውቅም!

ዮሃናም ደወለች። «አባቴ የእህቴን እጮኛ ኩርባ ላይ ደርቦ አለፈ ብሎ መልሶታል... ሰው ባህሪው የሚወጣው መሪ ሲይዝ ነው ይላል። በል እውነቱን ራስህ ንገረው።»

እሁድ ደረሰ።

አስናቀ ሓወልቲ፣ የሰማዕታት ሐውልቱ ጋ ሄደ... በባጃጅ።

አቦይ ገብረዝጊ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ።

«መኪናህስ?»

«ቤት ነው አቦይ...»

«ተበላሸ?»

«አይ... በበሩ አይወጣም።»

«ታዲያ እንዴት ገባ?»

«እዚያው ነው የሠራሁት። ከአልጋዬ... አቦይ፣ እኔ መኪና የለኝም። ጌም ነው።»

ሰውዬው ባጃጁ ውስጥ ገቡና ተመቻችተው ተቀመጡ።

«ጽቡቕ፣ ጥሩ... ወደ ቤትህ ውሰደኝ!»

ቤት ሲደርሱ ያንን ጉድ ዞር ዞር እያሉ አዩት። ልማድ ሆኖባቸው ጎማ መሆን የነበረበትን ቦታ በጫማቸው መታ መታ አደረጉ። ቀጥሎ ቢጫ ጄሪካን ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ንዳ።»

ውድድሩ ተጀመረ። ሁሉም መኪና አስናቀን እያለፈው ይሄዳል...

«ኩርባ ነው! ቀስ በል ወደይ!» አቦይ ገብረዝጊ ግድግዳውን ሙጭጭ አድርገው ይዘዋል።

ድንገት ከፊት ያለው መኪና ተገለበጠ።

አስናቀ ፍሬን ያዘ። ዳር አወጣና ቆመ።

ሌሎቹ እየተፈተለኩ አለፉ። መጨረሻ ወጣ።

«ለምን ቆምክ?»

«ተገለበጠ እኮ...»

«ሰው አለበት?»

«የለበትም፤ ኮምፒውተሩ ነው የሚነዳው... እኔ ግን አልፌው መሄድ አልችልም። አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም።»

በልቡ «አበቃልኝ» አለ። ዮሃና ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት... እንባው መጣ።

አቦይ ገብረዝጊ ከጄሪካኑ ተነሡ።

«መኪና እንደሌለህማ አውቄያለሁ። ዘሚካኤልን ታርጋው ስንት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ‹ገና አልተገጠመለትም... ጎማውም እንደዚያው› አለኝ!»

«ታዲያ ለምን ይዘህ ና አሉኝ?»

«የሰው መኪና ተውሰህ ብትመጣ ላባርርህ ነዋ! አሁን ግን አየሁህ። ለባዶ መኪና የቆመ ልጅ፣ ልጄን መንገድ ላይ ጥሎ አይሄድም። ሰጥቼሃለሁ።»

አስናቀ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል...

«ቆይ ቆይ! መጀመሪያ ተነሥልኝ... እስቲ እኔም ልሞክራት።»

ወገኖቼ... ያ ዶሮ እንኳ ሳይገጩ ጡረታ የወጡት ሰውዬ!

አንዱን ገጩ። ሌላውን ገደል ከተቱ። የተገለበጠውንማ ላዩ ላይ ሄዱበት!

«አቦይ፣ ፍሬን! ፍሬን!»

«የምን ፍሬን! ዕድሜዬን ሙሉ ቅድሚያ ስሰጥ ኖሬያለሁ... ዛሬ እነሱ ይስጡኝ!»

ሠርጉ ሲቃረብ ዮሃና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች... «ያ ብረት ይፍረስና አልጋ ይሁንልኝ።»

እውነቷን ነው! ሙሽራ መሬት ላይ ትተኛ?

አስናቀ አንጀቱ እያረረ መጋዙን አነሣ።

በዚህ መሀል ደጁ ላይ ጋሪ ቆመ። አዲስ አልጋ ተጭኖበታል። ከኋላው አቦይ ገብረዝጊ ትራስ በብብታቸው ይዘው እየሮጡ ደረሱ...

«መጋዙን አስቀምጥ! ያንን መኪና የነካ ከእኔ ጋር ነው!»

አልጋው ለሙሽሮቹ ነው። ትራሱ ግን ለሹፌሩ ወንበር ነበር።

ትምህርቱ... የሰው ማንነት የሚታየው ምንም በማያተርፍበት ቦታ በሚያደርገው ነገር ነው። አስናቀ የሰው መኪና ተውሶ ቢሄድ ኖሮ ዮሃናን ያጣት ነበር። የሌለውን የለኝም አለና አገኛት።

(አማቱን ስናይ ትምህርቱ ትንሽ ይናጋል... እሱን እለፉት 😂)

እስቲ ፍረዱ... እናንተ ብትሆኑ ልጃችሁን ለማን ትድራላችሁ? ለሚያሸንፈው ወይስ ለሚቆመው?

መልሳችሁን ከታች ጻፉልኝ... አማቶችም ብትሆኑ መሪውን አንዴ ልቀቁና መልሱ!