ማንም ያልገዛው የጋሹ ሸክላ

«እማዬ... ሰው ሁሉ ሰምቶት ማንም ያልገዛው ዘፈን፣ ዘፈን ይባላል?»

ይህን የጠየቀኝ ልጄ ጋሹ ነው።

1961 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ላይ፣ ቆቦ።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥቶ፣ ፀጉሩን እንዳጎፈረ፣ ጊታሩን ታቅፎ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል...

ከጓደኞቹ ጋር የሮክ ባንድ አቋቁመው አንድ ሸክላ አሳትመው ነበር።

ሬዲዮው ወዶላቸዋል... ጠዋት ያጫውተዋል፣ ማታ ያጫውተዋል።

ሙዚቃ ቤቶቹ «በብዛት የተሸጡ» ብለው ከሚደረድሯቸው መካከል ግን... የእነ ጋሹ ሸክላ የለም! ከመጨረሻው ተራ እንኳን አልገባም።

ባንዱ ተበተነ።

«ነገ ጠዋት ጊታሩን ለአውቶቡሱ ረዳት እሰጠዋለሁ» አለኝ። «ደሴ ገዢ አግኝቶልኛል። ሁለተኛ ጊታር በእጄ አልነካም።»

ይህን ሲል እጁ ጊታሩን አልለቀቀም...

ጎረቤታችን አራጌ በአጥሩ በኩል ሰማን። መጠጥ ቤት አለው... በሰፈራችን ሸክላ ማጫወቻ ያለውም እሱ ብቻ ነው።

«እትዬ ዘነበች! የተረፈውን ሸክላ ስጪኝማ... ለድስቶቼ መክደኛ ይሆነኛል!»

«ባዶ ድስት ምን መክደኛ ያስፈልገዋል፣ አራጌ!» አልኩት።

ሳቁን ዋጠው።

እኔ ዓለማዊ ዘፈን ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ሴት... ስለ ሸክላ ምን አውቃለሁ?

«ነገ ማሽላውን የምንጠብቀው እኛ ነን» አልኩት። «አውቶቡሱም በማሳችን ጥግ ነው የሚያልፈው። መጀመሪያ ወፉን እናባርር።»

ጎህ ሲቀድ፣ ጋሹ ጊታሩን እንደያዘ፣ ወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ ወጣን።

የራያ ሰው ያውቀዋል... ማሽላው ፍሬ ሲይዝ የግሪሳ ወፍ ከአፋር በኩል እንደ ደመና ይመጣል። አንዱ ማማ ሲጣራ ሌላው መቀበል አለበት። ዝም ባለ ማማ ላይ ወፉ ይወርዳል... የዓመት ቀለብ በአንድ ጠዋት ያልቃል።

እኔ ሁልጊዜ የምቀበለው ጅራፍ በማጮህ ነው።

በዚያ መሃል ከጎረቤቴ ከመይሙና ማማ ድምፅ ተነሳ...

«ሂጂ በይ... ሂጂ በይ... አፋር ወርደሽ ልቀሚ!»

ጋሹ ክው አለ።

ከመይሙና ማዶ ያለው ማማ ተቀበለ... ከዚያ ማዶ ያለውም... ድምፁ ወደ ሮቢት እየራቀ ሄደ።

ዜማው የእሱ ነው!

«እትዬ መይሙና!» ብሎ ጮኸ። «ይህን ከየት አመጣችሁት?»

«ከከማሉዲን ሻይ ቤት ሬዲዮ ነዋ! ገበያ ስንወጣ ለመድነው። ወላሂ፣ እንደሱ ወፍ የሚያባርር ዘፈን የለም! ዘንድሮ ቆላው ሁሉ በሱ ነው የሚጠብቀው!»

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል... ግን ደግሞ ተቆጥቷል።

«እማዬ፣ ግጥሙን አበላሽተውታል! እኔ የዘፈንኩት ጥላኝ ለሄደች ልጅ ነው... «ካለሽበት ክረሚ» ነው የሚለው!»

«ልጅቷ ተመለሰች?»

«አልተመለሰችም።»

«ልጅቷን አልመለሰልህም። የእኛን እንጀራ ግን ይኸው እየጠበቀልን ነው።»

«በመቶ ማማ ላይ ከቆመው ሰው፣ ሸክላ ማጫወቻ ያለው አንድም የለም... ምኑን ይግዛ? ሙዚቃ ቤት የሚቆጥረው ኪስን ነው። ማሳ ላይ የወጣውን ድምፅ የቆጠረ የለም። እግዚአብሔር የሰጠህን ስጦታ፣ ሌላ ሰው በቆጠረልህ ልክ አትመዝነው!» አልኩት።

ወዲያው አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ።

«ጋሹ! ጊታሩን ቶሎ አምጣ!» አለ ረዳቱ በመስኮት።

ጋሹ ወረደ... አልወረደም... አንድ እግሩ መሰላሉ ላይ ነው።

መይሙና ደግሞ ተጣራች። ተራው የእኛ ነው። ወፉ ወደኛ ዞሯል።

ያን ጠዋት ጅራፌን አስቀመጥኩ።

በስመ አብ ብዬ አማተብኩ... አንገቴን ቀና አድርጌ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እያየኝ፣ በልጄ ዜማ ጮኼ ተቀበልኩ...

«ሂጂ በይ... ሂጂ በይ...!»

ወፉም ሄደ። አውቶቡሱም... ያለ ጊታር ሄደ።

እናንተስ... ማንም ሳይቆጥርላችሁ ለሰው የጠቀመ ሥራችሁ የቱ ነው? እስቲ ከታች ጻፉልኝ።