የፋንቱ ክምር

ፋንቱ ከሚካኤል ስትመለስ ጭሱ የሚወጣው ከራሷ ጓሮ ነበር። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ጎረቤቷ ኦቦ ፈዬራ የአምስት ወር የብስባሽ ክምሯን በዱላ እየቆሰቆሱ ያነዱታል።

«እንኳን አደረሰሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሏት፣ ዓይናቸውን ከጭሱ እየከለሉ። «ዛሬ ኅዳር ይታጠናል አይደል፤ አገር ምድሩ ቆሻሻውን ሲያቃጥል የልጄ ብቻ ለምን ይቅር ብዬ በአጥሩ ሾልኬ ገባሁ።»

ቆሻሻ አሉት። ከሰኔ ጀምራ ቅጠል ስትለቅም፣ ከየቤቱ አተላ ስትለምን፣ የጤፍ ጭድ በጀርባዋ ስታዝል የከረመችበትን። ላም የላትም፤ ላም ያለውም እበቱን ኩበት ጠፍጥፎ ይሸጣል እንጂ ለማንም አይሰጥም። ጓሮዋ ደግሞ ጥቁር ኮትቻ አፈር ነው፤ በክረምት ጫማ ይውጣል፣ በበጋ ዶማ ይመልሳል። አምና የዘራችው ካሮት ዝንጅብል መስሎ ወጣና ወንድሟ አዱኛ እንባው እስኪመጣ ሳቀባት። የወላጆቻቸው ግቢ ነው፤ እሱም ድርሻ አለው። «እስከ ፋሲካ አንድ ደህና ካሮት ካላሳየሽኝ ሲሚንቶ አፈስበትና የሚከራይ ቤት እሠራበታለሁ» ብሏታል። ያንን ኮትቻ የሚያላላላት ይኼ ክምር ብቻ ነበር።

ተናደደች። እንባዋ መጣ፤ በጭሱ አሳበበች። ሽማግሌ አይሰደብ፣ ያውም በሚካኤል፣ ያውም ደግ ላድርግ ብሎ። ሆድ ይፍጀው ብላ ባልዲዋን አነሳችና ቧንቧውን ከፈተች። ቧንቧው ተንፈስ ብሎ ዝም አለ። ውኃ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው፤ ረስታው።

«የላይኛው ጥሩ ነደደ» አሉ ኦቦ ፈዬራ ከኋላዋ፣ ቅር እያላቸው። «የታችኛው ግን እምቢ አለኝ። ጋዝ ላምጣ እንዴ?»

«እምቢ አለ?»

ዱላቸውን ተቀብላ አመዱን ገለጠችው። ከሥር ጥቁር ነው፤ ርጥብ፣ በእጅ ሲይዙት ፍርፍር የሚል፣ ትል የሚርመሰመስበት። የክምሩ ሲሶ ቢሆን ነው። እሳቱ ግን በጎን እየጨሰ ወደ እሱ እየገባ ነው። ባልዲዋ አይበቃም፤ ሰፊ መያዣ ፈለገች፤ ክምሩን ያለበሰችባቸው ጆንያዎች አብረው ነደዋል።

ነጩን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ ዘረጋችው።

«ኧረ ነጠላሽን። ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው።»

«ቆሻሻ አይደለም፣ ኦቦ ፈዬራ» አለች በሁለት እጇ እየዛቀች። «አፈሬ ነበር።»

ሽማግሌው አመዱን አዩ፣ ነጠላውን አዩ። አማተቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የነጠላውን ሌላ ጫፍ ያዙላት።