ጣውንቷ የተሸጠች ቀን

ባለሱቁ የሣጥኑን መቆለፊያዎች ጠቅ ጠቅ አድርጎ ከፈተና ሳክስፎኑን በሁለት እጁ፣ አራስ ልጅ እንደሚያነሳ ሰው፣ ቀስ ብሎ አወጣው። ሙዚቀኛው ይህን ሲያይ ትንሽ ቀለል አለው። ቢያንስ የሚያከብረው ሰው እጅ ሊገባ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄማ በደንብ የተያዘ ዕቃ ነው» አለ ባለሱቁ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫነ። «ሊሸጡት እንዴት አስቻለዎት?»

«ጥርሴ ነዋ! የፊቶቹን ነቅለው ሰው ሠራሽ ገጠሙልኝ። ሥጋ እበላበታለሁ፣ እስቅበታለሁ፤ የዚህን መንፊያ ስነክስ ግን ጥርሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል።»

ባለሱቁ ሳቀ። የሙዚቀኛው ሚስት ግን አልሳቀችም። በሩ አጠገብ፣ ከተሰቀሉት ጊታሮች ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ጠዋት «አብሬህ ልሂድ» ስትለው ለምን እንደሆነ ገብቶታል፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ይዞት እንዳይመለስ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ የሳክስፎኑ ስም በእሷ አፍ «ጣውንቴ» ነው። «ጣውንቴን አልጋዬ ላይ አታስተኛት።» «ዛሬም ከጣውንቴ ጋር ልታመሽ ነው?» እንግዳ ፊት እንኳ አትምረውም። ጠዋት ጠዋት፣ ወደ ስፌት ሥራዋ ከመሄዷ በፊት፣ እሱ ልምምዱን ሲጀምር የክፍሉን በር ድርግም አድርጋ ትዘጋበት ነበር። ቅር ይለዋል እንጂ አይፈርድባትም። እሱ በየሆቴሉ ሲያመሽ ልጆቹን ያሳደገችው እሷ ናት።

«እስቲ ድምፁን እንስማው» አለ ባለሱቁ። ከመሳቢያው የራሱን መንፊያ አውጥቶ ገጠመና ነፋ።

ጎበዝ ነበር። ጣቶቹ ይሮጣሉ፤ ድምፁ ከታች ተነስቶ ጣራ ነክቶ ይመለሳል፤ የተሰቀሉት ጊታሮች ክር ሁሉ አብሮ ነዘረ። ሙዚቀኛው አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አየ። «ምናልባት ዕቃው ደክሞ ይሆናል» እያለ ራሱን ሲደልል ነበር የከረመው። ዕቃውማ ጤነኛ ነው። የደከመው እሱ ብቻ ነው።

«እንደሱ አይደለም» አለች ሚስቱ።

ባለሱቁ አቆመ። «ምኑ፣ እናቴ?»

«አትሩጥ። ምን ያስቸኩልሃል? እሷ ቀስ ስትል ነው የሚያምርባት።» ቦርሳዋን ከጭኗ አንስታ መሬት አስቀመጠች። «እንዲህ ነው የምትለው» ብላ ማንጎራጎር ጀመረች።

ሙዚቀኛው መጀመሪያ አላወቀውም። ዘፈን አልነበረማ! መድረክ ላይ አንድም ቀን ተጫውቶት የማያውቅ፣ ጣቶቹን ለማፍታታት ብሎ ራሱ የቀጣጠለው የጠዋት ልምምዱ ነው። ወደ ላይ ይወጣል፣ መሃል መንገድ ላይ ይዞራል፣ ይወርዳል። ሰው ይሰማዋል ብሎ አስቦት አያውቅም። እሷ ግን አብራው ወጣች፣ ዞረች፣ ወረደች። እሱ ሁልጊዜ የሚያዳልጠው ቦታ ስትደርስ እሷንም አዳለጣት። እሱ ትንፋሽ የሚስብበት ቦታ ላይ እሷም ዝም አለች፤ ከዚያ ቀጠለች። ድምጿ ቀጭንና ሻካራ ነበር።

ባለሱቁ ሳክስፎኑን ወደ አፉ መልሶ ለስለስ አድርጎ ተከተላት። የሙዚቀኛው ጣቶች ሳያውቀው የባንኮኒውን መስታወት እንደ ቁልፍ መጫን ጀመሩ።

«በሩን ትዘጊብኝ አልነበር እንዴ?» አለ ሲያልቅ።

«እና አልዘጋ? ያቺ የፊት ለፊት ጎረቤታችን በረንዳ ላይ ወጥታ ጆሮዋን ትቀስር ነበራ፣ ልብስ የምታሰጣ መስላ!» ወደ ባለሱቁ ዞረች። «አንዲት ቀሚስ ስታሰጣ ጠዋቱ ያልቃል። ለእሷ ነው እንዴ የሚነፋው?»

ባለሱቁ ሳቁ አመለጠው። ሙዚቀኛውም ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነበትና ኪሱ ውስጥ መሀረብ ፈለገ።

«ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ?»

«ልብህ እንዲያብጥ? የሚያጨበጭብልህ መች አነሰህ!» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞስ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

አያውቅም። ከመድረክ በወረደ ቁጥር «እንዴት ነበር?» ብሎ ያልጠየቀው ሰው የለም፤ አስተናጋጁን፣ ዘበኛውን፣ የታክሲ ሹፌሩን ሳይቀር። እሷን ግን አልጠየቀም።

ባለሱቁ ሳክስፎኑን ባንኮኒው ላይ አጋድሞ ወደ እሱ ገፋ አደረገው። «ጋሼ፣ ሐሳብዎን ከቀየሩ እኔ አልቀየምም።»

ሙዚቀኛው ሚስቱን አያት። «ይቅር» ብትለው አንጠልጥሎት ይመለስ ነበር።

«ቤት ውስጥ ዝም ብላ ከምትቀመጥ የሚነፋት ሰው ታግኝ» አለች። «ታሳዝነኛለች።» ተነስታ መጣችና ባለሱቁ ሲይዘው የተወውን የጣት ወዝ ከሳክስፎኑ ሰፊ አፍ ላይ በመሀረቧ ጠረገች። ከሚገባው በላይ አቆየችው። ባለሱቁም ሣጥኑን ለመክደን አልቸኮለም።

በዋጋ አልተከራከሩም። ባለሱቁ እስከ በሩ ድረስ ሸኛቸው።

ውጭ መንገዱ በመኪና ጥሩምባ ይንጫጫል። ሙዚቀኛው እግረኛ መሻገሪያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ቀኝ ትከሻው እንደ ወትሮው ወደ ታች ዘንበል ብሎ፣ ጣቶቹ የሣጥኑን እጀታ የያዙ ይመስል ታጥፈው ቀርተዋል። ሚስቱ ሁልጊዜ በግራው በኩል ነበር የምትሄደው፤ በቀኙ ቦታ ኖሮ አያውቅም። ያንን ባዶ እጅ አየችው። ከዚያ በጀርባው በኩል ዞራ መጣችና እጇን በታጠፉት ጣቶቹ ውስጥ አስገባች።

«በል አሻግረኝ» አለችው።