ከወጥ ቤታችን ወደ ሮተርዳም የሚያስገባው በር

መጀመሪያ የተሰማን የበሩ «ጥዝዝ» ማለት ነው። ከዚያ ወንድሜ ኪሩቤል ከነታኬታው ሜልቦርን ወዳለው ወጥ ቤታችን ብቅ አለ። ባሕር ማዶ ኳስ የሚጫወቱ የአውስትራሊያ ልጆች በናፍቆት እንዳይሰናከሉ በየቤታቸው በአንድ እርምጃ ከአገር አገር የሚያሻግር በር ከተገጠመላቸው ወዲህ፣ ኪሩቤል ሮተርዳም ላይ ልምምዱን እንደጨረሰ የሚበላው ከእኛ ጋር ነው።

«ዛሬም ኳስ የሚያቀብለኝ አጣሁ። በዚህ ከቀጠለ ያሰናብቱኛል» አለ።

እማዬ ወጡን እያማሰለች ሳቀች። «ለመሆኑ ስምህን ያውቁታል?»

«አሥራ አንድ ቁጥር ነው የሚሉኝ።»

«ከልምምድ በኋላ የት ነው የሚበሉት?»

«በምን አውቃለሁ? እኔ እዚህ ነኝ!»

የቀረበለትን ሳህን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ብድግ አለና ቀይ ወጡን ከነድስቱ አንሥቶ በሩን በእግሩ ገፋው።

«ኧረ እራታችን!» ብዬ ስጮኽ በሩ ጥዝዝ ብሎ ተዘጋ።