ሲስተም የለም

የአውቶብስ ትኬት መሸጫው ደጃፍ በመንገደኛ ጢም ብሏል። ትኬት ቆራጯ «ሲስተም የለም» እያለች ድምጿ ተዘጋ። የድርጅቱ ፕሮግራመር በጃቫ የተሠራውን የትኬት ፕሮግራም ደጋግማ ብታስነሳውም «ፋይል አልተገኘም» እያለ ይቆማል፤ የትኛው ፋይል እንደሆነ ግን አይናገርም።

ፕሮግራሙን የሚያስነሳውን የትእዛዝ ጽሑፍ (ስክሪፕት) የጎደለውን በስሙ እንዲጠራ አድርጋ አስተካከለችው። አሁን «ፋይሉ ያለበት የአጥናፉ ኮምፒውተር አይመልስም» አላት።

ጋሽ አጥናፉ ሲስተሙን የዘረጉት ባለሙያ ናቸው፤ ትናንት ጡረታ ወጥተው በድምቀት ተሸኝተዋል። ወዲያው ደወለችላቸው።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተርዎ የት ሄደ?»

«እኔ ቤት ነው። ትናንት በሪባን አስራችሁ ሸለማችሁኝ አይደል?»

«ሲስተሙ ከእሱ እንደሚነሳ ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ፣ ልጄ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያጨበጨበ ግን እንዴት ብዬ አልቀበልም ልበል?»